ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስትመርጡ የማለፊያውንና የመመረቂያውን ደንብ አወዳድሩ

ቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው ወርክሾፑን ነው። ማሽኑ አዲስ ነው ወይ? ስንት የብየዳ ቦታ አለ? አስጎብኚውም ይህን ስለሚያውቅ ቀጥ ብሎ ወደ ቶርኖው ይወስዳችኋል። እዩት፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ጠይቁ፦ «ተማሪ አንድ ትምህርት ቢወድቅ ምን ይሆናል?»

መልሱ ትምህርት ቤቱን በደንብ ያሳያችኋል። አንዱ ጋ የወደቀው ያችኑ ትምህርት ብቻ ይደግማል። ሌላው ጋ እረፍቱን ሲያጠና ከርሞ እንደገና ይፈተናል። ሌላው ጋ ዓመቱ በሙሉ ይቃጠልበታል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ምንም አይሆንም፤ አማካዩ ይሸፍንለትና ጣጣው መመረቂያ ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤት ስታወዳድሩ በእኔ እምነት ትልቁ ጥያቄ የአንድ ውድቀት ዋጋ ስንት ነው የሚለው ነው። ማሽን ይታደሳል፣ መምህር ይቀየራል፤ ደንቡ ግን ልጁ ከገባበት ቀን እስከሚወጣበት ቀን ይከተለዋል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ክፍል ማለፍና መመረቅ አንድ አይደሉም። ከክፍል ክፍል መዛወር አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። መመረቅ ግን በየዓመቱ ያልተጠየቀ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፦ የልምምድ ሰዓት፣ የመመረቂያ ሥራ፣ ከውጭ የሚመጣ ፈተና። በየዓመቱ እየተዛወረ መጥቶ መጨረሻ ላይ የሚቆም ተማሪ አለ። ሰነፍ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛውን ዝርዝር ማንም ስላላሳየው ነው።

አንድ ካርድ በተለያየ ደንብ

እስቲ አንድ ካርድ እንያዝ፣ ለምሳሌ ያህል። ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 47፣ ቋንቋ 62፣ ቴክኒካል ድሮዊንግ 80፣ ወርክሾፕ 91። ማለፊያው 50 ነው እንበል። እጁ ወርቅ የሆነ፣ ቁጥር ግን የሚያስጨንቀው ልጅ ነው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተማሪ ሞልቷል።

በአማካይ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ድምሩ 318፣ አማካዩ 63.6። ተዛውሯል። ቤተሰብም ደስ ይለዋል። ግን ይህ ደንብ የሚመስለውን ያህል ደግ አይደለም። የ38ቱ ሒሳብ ሳይጠገን አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት የሦስት ፌዝ ስሌት ሲመጣ፣ ወይ የማርሽ ጥርስ ጥምርታ ሲሠራ፣ መሠረቱ የለም። ወርክሾፑ ሲሸፍንለት የኖረው ጉድለት የመጨረሻው ፈተና ላይ ብቻውን ይቀርባል።

እያንዳንዱን ትምህርት ማለፍ ግድ በሆነበት ትምህርት ቤት ይኸው ካርድ ሁለት ቀይ አለበት። የጣሊያን ቴክኒክ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ናቸው። ማርኩ ከ10 ነው፣ በእያንዳንዱ ትምህርት ቢያንስ 6 ያስፈልጋል። ከ6 በታች ያለበት ተማሪ ወዲያውኑ ወደቀ አይባልም። ውሳኔው ይንጠለጠላል፣ የበጋ እረፍቱን አጥንቶ አዲሱ የትምህርት ዓመት ከመጀመሩ በፊት ይፈተናል። ጉድለቱ ከበዛ ግን ክፍሉን ይደግማል። ኦስትሪያም ተቀራራቢ ነው። እዚያ ማርኩ ከ1 እስከ 5 ሲሆን 1 ምርጡ፣ 5 ውድቀት ነው። በተለመደው አሠራር እስከ ሁለት ትምህርት የወደቀ በመጸው እንደገና ይፈተናል። አንድ ብቻ የቀረበት ደግሞ የመምህራኑ ጉባኤ ከተስማማ ይዞት ሊዛወር ይችላል። የእኛ ልጅ እዚህ ቢሆን እረፍቱ የሒሳብና የፊዚክስ ነው። ይከብዳል፣ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጉድለቱ ገና ትንሽ ሳለ ይያዛል።

ሁለቱን የሚያቀላቅል ደንብም አለ፣ ለእኔ ከሁሉም ብልህ የሚመስለኝ እሱ ነው። የስዊዘርላንዱን የሙያ ማቱራ ትምህርት ተመልከቱ፤ ማቱራ ሙያ ለሚማር ተማሪ የከፍተኛ ትምህርት በር የሚከፍት ምስክር ወረቀት ነው። ማርኩ ከ6 ነው፣ ማለፊያው 4። በየሴሚስተሩ ሦስት ነገር ይታያል። አማካዩ ከ4 አይወርድም። ከ4 በታች የሆኑት ትምህርቶች ከሁለት አይበልጡም። የጎደሉት ነጥቦች ሲደመሩ ከ2 አይበልጡም። ሦስተኛውን ልብ በሉ። አንዱን 3፣ ሌላውን 3.5 ያመጣ ተማሪ የጎደለው 1.5 ነው፤ አማካዩ ከያዘለት ያልፋል። አንድ ብቻ ወድቆ 1.5 ያመጣ ግን በ2.5 ስለጎደለ አያልፍም፣ ሌላው ሁሉ 6 ቢሆንም። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ትንሽ መድከም ይፈቀዳል፣ አንዱን ትምህርት ጥሎ መሄድ ግን አይፈቀድም። መስፈርቱን ላላሟላ ተማሪ በቅድመ ሁኔታ የማለፍ ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ክሬዲት፦ ነፃነት ነው፣ ግን ቆጣሪው እናንተ ናችሁ

ክሬዲት ላለፉት ኮርስ የሚቆጠር ነጥብ ነው። በክሬዲት ሥርዓት ተማሪው ክፍል አይወድቅም፤ የሚወድቀው ኮርስ ነው። የካርዳችን ባለቤት የሦስቱን ክሬዲት ያገኛል፣ ሁለቱን ይደግማል፣ ከጓደኞቹም ጋር ይቀጥላል። ዓመት አይባክንም። ለክብሩም ጥሩ ነው፤ ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ያለፈውን ድሮዊንግ እንደገና አይሠራም።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቅድመ ሁኔታ የሚባል ነገር አለ። ሒሳብ አንድን ያላለፈ ኤሌክትሪክ ሁለትን አይወስድም ይባላል፤ በወረቀት ላይ ተዛውሮ በተግባር ቆሟል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ድምሩ ቢሞላም ዓይነቱ ላይሞላ ይችላል። ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ ቢያንስ 74 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ አንድ ክሬዲት የ50 ደቂቃ 35 ክፍለ ጊዜ ነው። የቴክኒክ ተማሪ ደግሞ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ 25ቱ የሙያው ትምህርቶች መሆን አለባቸው። ስለዚህ «ስንት ክሬዲት ቀረኝ?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ነው። «ከየትኛው ሳጥን?» የሚለው ይቀራል።

ክሬዲት ያለበት ትምህርት ቤት ከመረጣችሁ ትራንስክሪፕቱን በየሴሚስተሩ ጠይቁ። የመጨረሻው ዓመት ሲደርስ መጠየቅ አይጠቅምም። የሚደገመው ኮርስ በየሴሚስተሩ ይሰጣል ወይስ በዓመት አንዴ? በዓመት አንዴ ከሆነ «ኮርሱን ብቻ ትደግማለህ» የተባለው ነገር ዓመት ከመድገም ብዙም አይለይም።

ብቃት፦ አምፖሉ በራ ማለት አለፈ ማለት አይደለም

ሌላው ዓይነት በማርክ ፋንታ በብቃት ይመዝናል። ሥልጠናው በሞጁል ይከፈላል። እያንዳንዱ ላይ መልሱ ሁለት ነው፦ በቃ ወይም ገና አልበቃም። የኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሌቭል (በደረጃ) የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። ተማሪው አንድ አምፖልና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ እንዲዘረጋ ታዘዘ። ሽቦውን ልክ ቆረጠ፣ አስተካክሎ አጠፈ፣ ሳጥኑ ውስጥ በንጽህና አሰረ። ሲያበራው በራ፣ ሲያጠፋው ጠፋ። ግን ማብሪያ ማጥፊያውን ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ላይ በማድረግ ፋንታ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ አድርጎታል። አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ነገ አምፖል የሚቀይር ሰው «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ እጁን ይሰዳል።

በማርክ የሚመዝን መምህር ለንጽህናው፣ ለፍጥነቱ፣ ለመሣሪያ አያያዙ ሰጥቶ ከስህተቱ ጥቂት ነጥብ ቢቀንስ 80 ሊሞላለት ይችላል። በብቃት ምዘና ግን መልሱ አንድ ነው፦ ገና አልበቃም፣ ድገም። ለእኔ ይህ የብቃት ሥርዓት ትልቁ ውበት ነው። ደግሞም «ድገም» የተባለው ያቺኑ ሥራ እንጂ ዓመቱን አይደለም።

ድክመቱም አለ። ማሠልጠኛው ጥብቅ ካልሆነ «በቃ» የሚለው ምልክት በጅምላ ይሰጣል። ማርክ ስለሌለ ጎበዙና በጭንቅ ያለፈው በወረቀቱ አይለዩም። ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄድ የሚፈልግ ልጅም ተቀባዩ ማርክ ቢጠይቀው የሚያሳየው ነገር ሊያጥረው ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ወርክሾፕ ሌላውን ይሸፍናል? ሌላውስ ወርክሾፑን?

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ሒሳብን ነው። የተገላቢጦሹን የሚጠይቅ የለም፦ በመጽሐፍ ጎበዝ የሆነ፣ በእጁ ግን የማይሆንለት ልጅስ? ሒሳብ 92፣ ወርክሾፕ 41 ቢያመጣ አማካዩ ያድነዋል?

ከበድ ያሉት ሥርዓቶች አያድኑትም። በስዊዘርላንድ የሙያ ምስክር ወረቀት ፈተና የተግባር ሥራው ራሱን ችሎ ማለፍ አለበት፤ ከ4 በታች ከሆነ ሌላው ማርክ አያካክሰውም። ፈረንሳይ ደግሞ የሦስት ዓመቱን የሙያ ባካሎሬያ (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ዲፕሎማ) ለማግኘት ከ20 አማካይ 10 ይጠይቃል። ከ8 እስከ 10 ያለ ተማሪ በቃል ፈተና ሁለተኛ ዕድል አለው፣ ግን በተግባሩ የሙያ ፈተና ቢያንስ 10 ካገኘ ብቻ ነው። በሩ ላይ የቆመው ወርክሾፑ ነው ማለት ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት ደንብ ላይ ወርክሾፕ እንደ ማንኛውም ትምህርት ተቆጥሮ ካያችሁት ጠርጥሩ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት በስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሰዓት

ማርክ ሁሉ ሞልቶ ሰዓት የጎደለበት ተማሪ አይመረቅም። ይህ ጥቂት አንቀጽ የሚበቃው ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር ነው። በጣሊያን ከዓመቱ የትምህርት ሰዓት ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ያልተከታተለ፣ በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ለግምገማ አይቀርብም። የቴክኒክ ተማሪ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ቢያንስ 150 ሰዓት ከሥራ ዓለም ጋር የተያያዘ ልምምድ አለበት። በኦስትሪያ የአምስት ዓመቱ ከፍተኛ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በእረፍት ጊዜ የሚሠራ የ8 ሳምንት የግዴታ ልምምድ አለ፣ መጨረሻ ላይም የዲፕሎማ ሥራ።

እዚህ ጋ ትምህርት ቤቶችን የሚለያያቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ የልምምድ ቦታውን የሚፈልገው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ከድርጅቶች ጋር ተዋውሎ ከሆነ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ። «ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያመጣል» ከተባለ ግን የዘመድ ጉዳይ ይሆናል፤ ጋራዥ ያለው አጎት የሌለው ልጅ ይንከራተታል። ሥራ ቦታ የሚፈርመውን ሰውም ጠይቁ። ሰዓቱ ተሠርቶ ፎርሙ ሳይፈረም ቀርቶ የሚቸገር ተማሪ ብዙ ነው።

አንድ ሳምንት ክፍል፣ አንድ ሳምንት ወርክሾፕ የሚያፈራርቁ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የተለመደ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ሥራ ሲጀመር ሳይቋረጥ ይሠራል። ግን በወርክሾፕ ሳምንት የታመመ ልጅ የሁለት ሳምንቱን የተግባር ድርሻ አንድ ላይ ያጣል። ማካካሻው ምንድን ነው? ሐኪም ወረቀት ሰዓቱን ይመልሳል ወይስ ቅጣቱን ብቻ ያነሳል? እነዚህ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

መጨረሻ ላይ ማን ይፈርማል?

አንዳንዱ ዲፕሎማ የትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ አስተማረ፣ ፈተነ፣ ፈረመ። ሌላው ጋ የሚያስተምረውና የሚፈትነው የተለያየ ነው።

የጀርመን ጥንድ ሥልጠና የሁለተኛው ዓይነት ነው። ሠልጣኙ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፣ የሙያ ትምህርት ቤትም ይማራል፣ ሙያው እንደሚጠይቀው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል። የመጨረሻውን ፈተና የሚሰጠው ግን ድርጅቱም ትምህርት ቤቱም አይደለም፤ የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የእደ ጥበብ ምክር ቤቱ ነው። ለመፈተን የሥልጠና ማስታወሻ ደብተሩ ተሞልቶ መቅረብ አለበት። የወደቀ ሁለት ጊዜ መድገም ይችላል። ከጠየቀ ውሉ እስከሚቀጥለው ፈተና ይራዘምለታል፣ ቢበዛ አንድ ዓመት። ጎበዝ ሆኖ የተገኘም ከጊዜው በፊት ሊፈተን ይችላል።

በኢትዮጵያም ማሠልጠኛውን መጨረስና ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ማሠልጠኛው «ጨርሷል» ያለው ሠልጣኝ ምዘናውን ካላለፈ በእጁ ያለው ወረቀት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል።

የውጭ ፈተና ያስፈራል፣ እኔ ግን ለቴክኒክ ትምህርት እመርጠዋለሁ። ቀጣሪ የትምህርት ቤቱን ስም ባያውቅም ፈታኙን ያውቃል። ትምህርት ቤቱም ማርክ በመበተን ድክመቱን መሸፈን አይችልም። ሁለት ትምህርት ቤቶች ካሉ ስንት ተማሪ አስመረቁ ብላችሁ አትጠይቁ። ከላኳቸው ስንቱ የውጭውን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ በሉ። ከመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ ጀምሮ ስንቱ እዚያ ደረሱ የሚለውንም ጨምሩበት፤ ደካማውን መንገድ ላይ እያስወጡ ጎበዙን ብቻ ፈተና ላይ የሚያስቀምጡ አሉና።

የትኛው ለማን?

እጁ ጥሩ፣ ቀለሙ ደካማ ለሆነ ልጅ በአማካይ የሚያሳልፈው ትምህርት ቤት ይማርካል። እኔ አልመክርም። በየትምህርቱ ማለፍን የሚጠይቅ፣ ግን ድጋሚ ፈተናና የማጠናከሪያ ትምህርት ያለው ይሻለዋል። ማጠናከሪያው የለም፣ ድጋሚ ፈተና ብቻ ነው ከተባለ ደግሞ ወደ ብቃት ሥርዓት አዘንብሉ፤ የሙያ ስሌቱን በሥራው ላይ ሆኖ ይማረዋል።

ሥራ እየሠራ ለሚማር፣ ቤተሰብ ለሚረዳ ወይም በጤና ምክንያት ለሚቀር ተማሪ ክሬዲት ወይም ሞጁል ነው። ዓመቱን በሙሉ በአንድ ውጤት ላይ የሚያስይዝ ደንብ ለእንዲህ ያለ ሕይወት አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስብ ከሆነ ሁለት በር የሚከፍተውን ፈልጉ። የኦስትሪያው የአምስት ዓመት ትምህርት ቤት የመጨረሻ ፈተና የሙያ ዲፕሎማም የዩኒቨርሲቲ መግቢያም ነው። የጣሊያኑም ከ100 ተቆጥሮ ቢያንስ 60 ላመጣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ዋጋው ጊዜና የቀለም ጫና ነው፤ ልጁ ይህን ፈልጎ ይሁን እናንተ ፈልጋችሁለት ግን ቀድማችሁ ለዩ።

ፍላጎቱን ገና ያላወቀ ልጅ ካላችሁ አንድ አንቀጽ ፈልጉ፦ ዘርፍ መቀየር እስከመቼ ይቻላል? ከኤሌክትሪክ ወደ አውቶ ሜካኒክስ ቢዛወር የጋራዎቹ ትምህርቶች ይያዙለታል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል? ከሌላ ትምህርት ቤት ሲመጣስ የወርክሾፕ ሰዓቱ ይቆጠርለታል? የቀለም ማርክ በቀላሉ ይዛወራል። የወርክሾፕ ሰዓት ግን ሲዛወር ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ስትመዘገቡ ደንቡን በወረቀት ውሰዱ፣ የቃል ማብራሪያ አይበቃም። ዓመተ ምሕረቱ ይኑርበት። ደንብ ይቀየራልና። ማሳቹሴትስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ተመራቂዎች ጀምሮ ለዲፕሎማ ግዴታ የነበረውን የግዛቱን ፈተና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በሕዝብ ድምፅ ከመመረቂያ መስፈርትነት አንስታለች። ያኛው ለውጥ ተማሪውን የሚያቀል ነበር፣ የሚያከብድም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለሬጅስትራሩ የምታቀርቡት የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ደንቡ መሀል ላይ ቢቀየር ልጄ የሚዳኘው በገባበት ዓመት ነው ወይስ በሚወጣበት? መልሱ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ያሳዩአችሁ። አንቀጹ ከሌለ ማመልከቻ ጻፉና መልሱን በማኅተም ተቀበሉ፤ ቅጂውን ከምዝገባ ደረሰኙ ጋር አስቀምጡት።